ከባዝራዋ ፊት

«ታዲያ አንቺ አላየሽም?» አለች ባለሱቋ፣ ከትሪው ላይ ሻይዋን እያነሳች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች፤ ዝቅ ያለው ድምፅዋ ግን እስከ ውጪው በር ይሰማል። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አብረሽ ስትውዪ፣ ሰው እንዲያ ሆኖ ሲያልቅ ዓይን አያይም?»

ልብስ ሰፊዋ ትሪውን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆመች። ጥያቄው አዲስ አይደለም። ለቅሶው ከተጀመረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ በሦስቱም ቀን ሰው በየተራው ጠይቋታል። አንዳንዱ በአዘኔታ፣ አንዳንዱ በወሬ ጥማት፣ አንዳንዱ ደግሞ ሌላ የሚለው ቢያጣ። የመጀመሪያ ቀን አልቅሳ መለሰች። ሁለተኛው ቀን «ደብቃኝ ነው» አለች። ዛሬ ለመዋሸትም ለማልቀስም አቅም የላትም።

«ስኳር ይጨመርልሽ እትዬ?» አለች።

ሳሎኑ ከጎረቤት በተሰበሰቡ ወንበሮች ተሞልቷል። የፕላስቲክ አለ፣ የእንጨት አለ፣ ከጸጉር ቤት የመጣ አንድ የሚሽከረከር ወንበርም አለ፤ እሱ ላይ የተቀመጠ ሐዘንተኛ በእንባው መሀል ሳያስበው ወደ ግድግዳው ይዞራል። ግድግዳው ላይ የሟቿ ፎቶ ተሰቅሏል። ፎቶው ሲነሳ ባዝራዋ ከጎኗ ነበረች። ታላቅ ወንድሟ ሲያስተልቁት «ለቅሶ ቤት ውስጥ ፈረስ አይሆንም» ብለው አስቆረጧት። ቆራጩ ግን ሥራውን ከልቡ አልሠራውም፤ ከሟቿ ትከሻ በላይ አንድ ጆሮ ቀርቷል። ሊያጽናና የሚመጣው ሁሉ ያንን ጆሮ ሲያይ ይውላል፣ ምን እንደሆነ ግን ደፍሮ የሚጠይቅ የለም።

ሟቿን ሰው ሁሉ ሲስተር ነበር የሚላት። ሃያ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ሆና ከሠራች በኋላ ሥራዋን ለቀቀችና ከቤቷ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ አንዲት ዳለቻ ባዝራ አስገባች፤ ስሟንም እሜቴ አለቻት። እግራቸው አልታዘዝ ያላቸውን ሰዎች እሜቴ ላይ እያስቀመጠች፣ በገመድ እየሳበች፣ ሜዳውን በዝግታ ታዞራቸው ነበር። «ፈረስ ሲራመድ የተቀመጠበትን ሰው ወገብ፣ ልክ ራሱ እንደሚራመድ አድርጎ ያወዛውዘዋል» ትላለች። «ወገቡ መራመድን ካስታወሰ እግሩ ቀስ ብሎ ይከተላል። ባይከተልስ? ሰውየው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ከሁላችን በላይ ሆኖ ዓለምን ያያል። ከወንበር ተነስቶ የማያውቅ ሰው ቁልቁል ሲያየን ደስ አይለውም?»

ልብስ ሰፊዋ ባዶ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ማድ ቤት ገባች። እግሯ አብጦ ጫማዋ ጠቧታል። ውኃውን ከፍታ እጇን ከሥሩ አስቀመጠችና ምንም ሳታጥብ ቆመች።

ሲስተር መጀመሪያ ወደ ልብስ ስፌት ቤቷ የገባችው አንድ ቀበቶ ይዛ ነው። ወፍራም ሸራ፣ ስፋቱ አንድ ስንዝር።

«እዚህና እዚህ እጀታ ስፊልኝ» አለች።

«ለሻንጣ ነው?»

«ለሰው።»

ልብስ ሰፊዋ ያን ጊዜም ምላሷ እንደ ዛሬው ነበር። «ሰው ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በእጀታ የሚያዘው?»

«ከፈረስ ላይ ሲንሸራተት ብታዪው እጀታ በኖረው ብለሽ ስለት ትሳያለሽ።»

ሰም በተቀባ ክር፣ አራት ጊዜ እየተመላለሰች ሰፋችው። ስታደርስላት ሜዳው ላይ ሲስተር ገመድ ይዛ ቆማለች፣ አንዲት የአልጋ ቁራኛ የነበረች ሴትዮ ፈረስ ላይ ተቀምጣለች፣ በቀኝ በኩል አንድ ሰው እግሯን ደግፏል፣ በግራ ግን ማንም የለም። ይህ ሥራ ሁለት ደጋፊ ይፈልጋል፤ ከግራና ከቀኝ አብረው እየሄዱ፣ በአንድ እጃቸው የተቀመጠውን ሰው ጭን ከኮርቻው ጋር አጥብቀው የሚይዙ፣ በሌላው የቀበቶውን እጀታ። የግራ ደጋፊው በዚያ ቀን ቀርቷል።

«ነይ እዚህ ቁሚ» አለቻት ሲስተር።

«እኔ? እኔ እኮ ፈረስ እፈራለሁ።»

«ምኗን?»

«ፊቷን። ኋላዋንም።»

«ጎኗን ነው ያልኩሽ። ጎን አይናከስ፣ ጎን አይራገጥ። ደግሞ ቀበቶው ቢተረተር የምታፍሪው አንቺ ነሽ፣ ሰፊዋ እዚህ ትሁንልኝ።»

ለአንድ ቀን የቆመች ሴት አሥራ አንድ ዓመት ቆመች። ሲስተር «መርፌ» የሚል ስም አወጣችላት፤ ቅጥነቷንም ምላሷንም አይታ ነው። የቀኝ ደጋፊዎች መጥተው ሄደዋል፤ አንዱ አገባ፣ አንዷ ወገቧን ታመመች፣ አንዱ ሰለቸው። ግራው ግን የመርፌ ነበር። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ገመዱን ጨብጣ አታውቅም፣ ጨብጪም ተብላ አታውቅም።

በአራተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሹፌሩ መጡ።

ሹፌሩ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው፣ ከሁለት ዓመት በፊት መሪያቸውን እንደያዙ ግማሽ ጎናቸው የከዳቸው ሰው ናቸው። ቀኝ እግራቸው ዛሬም የሌላ ሰው ይመስል ከኋላ እየተጎተተ ይመጣል። ጸጉር ሠሪ ልጃቸው ደግፋ አስገባቻቸው፤ ወንበር ተለቀቀላቸው፤ ያው የሚሽከረከረው። ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ተክለው ያዙት፣ እንዳይዞርባቸው።

ነፍስ ይማር ተባለ። ሻይ መጣ። ሹፌሩ ሻዩን እንደያዙ ፎቶውን አዩ፣ የባዝራዋን ጆሮ አዩ፣ ከዚያ ቃላቸውን አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ «ሐሙስ ተራዬ ነው» አሉ።

ልጃቸው ደነገጠች። «አባዬ! በስመ አብ!»

«ምን አልኩ? ሐሙስ ሦስት ሰዓት ተኩል። ሲስተር ራሷ የጻፈችው ነው።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ባለሱቋ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ሳቅ ይሁን ሐዘን አይታወቅም። የሟቿ ታላቅ ወንድም ከወንበራቸው ቀና አሉ። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ሲስተር «ወንድም ጋሼ» ስለምትላቸው ልብስ ሰፊዋም እንደዚያው ትላቸዋለች። ቁጣ አያውቁም፤ ዝግ ብለው ሲናገሩ ግን ሰው ሁሉ ተማሪ ይሆናል።

«ወንድሜ፣ ሐዘንዎ የኛም ነው» አሉ። «ግን እህቴ የለችም። ፈረሷን ማን ያወጣል፣ ማንስ ይስባል? እኔ የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ፈረስ ይዤ ደረጃ አልወጣም። ባለጋሪው ቅዳሜ መጥቶ ይወስዳታል፤ ተነጋግረናል።»

ሳሎኑ ውስጥ «ደግ አደረጉ» የሚል ማጉረምረም ተሰማ። ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ባለጋሪውን ታውቀዋለች፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ጋሪው አሸዋ ነው የሚጭነው። እሜቴ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን ሁሉ ከጀርባዋ ላይ ሰው እንዳይወድቅ ስትጠነቀቅ የኖረች ፍጥረት፣ በእርጅናዋ አሸዋ!

ሹፌሩ ከዘራቸውን አንስተው ወደ በሩ ጠቆሙ። ወንበሩ ቶሎ ብሎ ዞረባቸው፣ ስለዚህ የተጠቆመችው መጀመሪያ ባለሱቋ ሆነች፤ ልጃቸው መልሳ አዞረቻቸው። «እሷ ትስባለች» አሉ።

«እኔ ግራ ነኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ከአፏ ሲወጣ ምን ያህል ሞኝ መልስ እንደሆነ ገባት። ማንም አልሳቀም።

ወንድም ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ እኔ ጨካኝ አይደለሁም። የሚያወጣትና የሚያስገባት ሰው ካለ፣ ሥራውም ከቀጠለ፣ ትቆይ። ከሌለ ግን በረት ውስጥ ቆማ እንድትሞት አላደርግም። እስኪ ሞክሪያትና እንያት።»

ሞከረቻት። ሐዘንተኛው ሁሉ ብርጭቆውን እንደያዘ በጓሮው በረንዳ ላይ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ ገመዱን ከበረቱ ምስማር ላይ አወረደች፤ ከአፍ ማሰሪያው ጋር አገናኘችው። ቅርብ ሆኖ ሲታይ የባዝራዋ ራስ ከሷ ደረት ይበልጣል። ከጎን አይታ የማታውቀው ነገር ሁሉ አለው፤ ጥርስ አለው፣ አፍንጫው እንደ ኪስ ይከፈታል፣ ዓይኑ ውስጥ ሰው ይታያል።

«ነይ እሜቴ» አለች፤ ሲስተር እንደምትለው አድርጋ ነው። ባዝራዋ ተራመደች። ሁለት እርምጃ ሄዱ። ከኋላዋ ያ ሁሉ ሥጋና አጥንት ሲመጣባት ማጅራቷ በረዳት፤ ልትረግጠኝ ይሆን ብላ ዘወር አለች። ባዝራዋ ቆመች።

«ነይ እንጂ።» ሁለት እርምጃ፣ ሦስት። ዘወር ስትል ቆማለች። ለመነቻት፣ ጎተተቻት፣ ሰደበቻት፣ ስማ አታውቅም እንጂ ልትስማትም ነበር። በሄደች ቁጥር ትዞራለች፣ በዞረች ቁጥር ባዝራዋ አራት እግሯን ተክላ፣ ጆሮዋን ቀስራ፣ እንደ ሐውልት ቀጥ ትላለች።

ከበረንዳው ላይ አንዲት ሴት «አዝናለች!» አለች። ከዚያ በኋላ የሚይዘው አልተገኘም። «አየሽ፣ እመቤቷን ፍለጋ እኮ ነው!» «እንስሳ እንኳ!» ለሦስት ቀን ዓይኑ የደረቀ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ እንባው መጣ። አንዱ በስልኩ ቪዲዮ ያነሳል። ባለሱቋ በለቅሶዋ መሀል ልብስ ሰፊዋን ቁልቁል እያየች፣ «እንስሳዋ ገብቷታል፤ ያልገባን እኛ ነን» አለች። «እኛ» ያለችው ማንን እንደሆነ ለመረዳት ትምህርት አያስፈልግም።

ወንድም ጋሼ ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤት ገቡ። ሹፌሩ ከበረንዳው ጫፍ ለረጅም ጊዜ ባዝራዋን ካዩ በኋላ፣ «ሞተሩ ደህና ነው» አሉ ለልጃቸው። «የሆነ ቦታ ፍሬን ይዟል።»

«አባዬ፣ በቃ እንሂድ።»

ረቡዕ ለቅሶተኛው ሳሳ። ከሰዓት በኋላ የቀሩት እግራቸው የታከታቸው ሽማግሌዎችና ቴሌቪዥን የሌላቸው ጎረቤቶች ናቸው። ልብስ ሰፊዋ ማድ ቤት ገብታ ብርጭቆ ታጥባለች። ስንት መቶ ብርጭቆ እንዳጠበች አታውቅም፤ የጣቶቿ ጫፍ ተጨማዷል፣ መርፌ ብትይዝ የማይሰማት ይመስላታል። በመስኮቱ በኩል የበረቱ በር ይታያል። እሜቴ ራሷን አውጥታ ድርቆሽ ታኝካለች፤ አዘነች ለተባለች ፍጥረት ደህና አድርጋ ነው የምትበላው።

ወንድም ጋሼ የራሳቸውን ብርጭቆ ይዘው ገቡና በሩን መለስ አደረጉት።

«እኔም ልጠይቅሽ» አሉ። «እንደነሱ አይደለም። ማወቅ ስለምፈልግ ነው። ለኔ አልነገረችኝም። ሐኪሙ ሕመሟን ካወቀች ሰባት ወር እንደሆናት ነው የነገረኝ። አንቺ በሳምንት አራት ቀን አብረሻት ነበርሽ።»

ልብስ ሰፊዋ የያዘችውን ብርጭቆ አለቀለቀች፤ ደግማ አለቀለቀች።

«ወንድም ጋሼ፣ እኔ የማየው ጀርባዋን ነበር።»

«እንዴት?»

«እሷ ከፊት ናት፣ ገመዱን ይዛ። እኔ ከጎን ነኝ፣ እጄም ዓይኔም የተቀመጠው ሰው ላይ ነው። ቀና ስል የሚታየኝ ያ ወፍራም ጃኬቷ ነው። ሥራ ስንጨርስ ቶሎ ትገባለች፤ ደክሞኛል ትላለች፤ ለማን አይደክምም? ከሳሽ እንዴ ስላት፣ 'አንቺ መርፌ ሆነሽ እኔን ከሳሽ ትያለሽ?' ብላ ታስቀኛለች። ጀርባ ደግሞ አያሳብቅም። በጃኬት ላይ ጃኬት ነው የምትለብሰው፤ ለካ እንዳይታወቅባት ነው።»

ወንድም ጋሼ ማድ ቤቱ ውስጥ ያለችው አጭር በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ዳይሬክተር በርጩማ ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ አገጩ ጋ ይደርሳል። አልቸኮሉም።

«አንድ ቀን ግን ዞራለች» አለች ልብስ ሰፊዋ። ይህን ለማንም አልተናገረችም። «ወር ከአሥራ አምስት ቀን ይሆናል። ሹፌሩን ይዘን፣ ሦስተኛው ዙር ላይ፣ መሀል መንገድ ላይ ዞር አለችና አየችኝ። እኔን ነው ያየችው፣ ሰውየውን አይደለም። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። አፏን ከፈት አደረገች። እኔ...» ውኃውን ዘጋችው። «ሹፌሩ እንዲንሸራተቱ አልፈለግኩም፣ እጄ ዝሎ ነበር፣ ፀሐዩም ነበር። 'ምን ትገተሪያለሽ፣ ሰውየው ደክመዋል፣ ዞረሽ ሂጂ' አልኳት። 'እሺ እመቤት' አለችና ዞረች። ሄድን። በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን ብትዞርልኝ፣ ዞረሽ ሂጂ አልኳት።»

በሳሎኑ በኩል አንድ ሰው ሲያስል ተሰማ። ወንድም ጋሼ «አይዞሽ» አላሉም፣ «ምን ታደርጊ» አላሉም። «እኔ ደግሞ በየሳምንቱ እየደወልኩ፣ 'ያንን ፈረስ መቼ ነው የምትሸጪው' እላት ነበር» አሉ። «እሱን ብቻ። እንደምን አደርሽም ከሱ በኋላ ነበር።»

አንዱ ያንዱን ሸክም አላቀለለም፤ ግን ጎን ለጎን ተቀመጠ።

ከዚያ ዳይሬክተሩ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ቆይ። መሀል መንገድ ላይ ነው ያልሽው። ፈረሷ ከቆመች በኋላ ነው የዞረችው፣ ወይስ ስትዞር ነው ፈረሷ የቆመችው?»

«ስትዞር ነው የቆመችው። ድሮም እኮ...»

ትዝ ያላት ነገር አላስጨረሳትም። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቀን «አንቺ ሴትዮ፣ እንዴት አንድ ቀን እንኳን ዞረሽ አታዪንም? ከኋላሽ ብንሞትስ?» ብላ ተቆጥታት ነበር። ሲስተርም ፊቷን ሳትመልስ፣ «ከዞርኩ ትቆማለች። እንደዚያ ነው ያስተማርኳት፤ ፊቴን ካየች የሆነ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ለማየት አንቺ አለሽልኝ» ብላት ነበር። ከግራ ለሚቆም ሰው የማይጠቅም ነገር ስለሆነ ረሳችው።

«ትናንት እኔ በረንዳው ላይ ነበርኩ» አሉ ወንድም ጋሼ በርጩማዋ ላይ እንዳሉ። «በየሁለት እርምጃው ስትዞሪ ነበር የዋልሽው።»

ልብስ ሰፊዋ በመስኮቱ እሜቴን አየቻት። እሜቴ ድርቆሿን እያኘከች ናት። ያን ሁሉ ሕዝብ ያስለቀሰችው ሥራዋን በደንብ ስለሠራች ነው።

«አላዘነችም እኮ» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ሳቅ የሚመስል ነገር ከደረቷ መጣና መሀል ላይ ተበላሸ። «የታዘዘችውን ነው። እኔ ነኝ ቁሚ ቁሚ ስላት የዋልኩት።»

«ነገ ሐሙስ ነው» አሉ ወንድም ጋሼ። ተነሱ፤ ጉልበታቸው ጮኸ። «ያንን ብርጭቆ ግን ተይው። ታጥቧል፣ አሁን እየፋቅሽው ነው።»

ሐሙስ ጠዋት ሹፌሩ ከሰዓታቸው አሥር ደቂቃ ቀድመው ደረሱ፤ ጺማቸውን ተላጭተዋል። ቀኝ ደጋፊ የነበረው ልጅ ለቅሶ ውስጥ ነን ብሎ አልመጣም። ጸጉር ሠሪዋ ልጃቸው በግራ ቆመች።

«እዚህ ጭናቸውን፣ እዚህ እጀታውን» አለቻት ልብስ ሰፊዋ። ቦታዋን አሳልፋ ስትሰጥ የሆነ ነገር ከእጇ እንደ ወደቀ ተሰማት። «አትጎትቺያቸው። ራሳቸው ይቀመጡ፤ አንቺ አጥር ሁኚላቸው።»

«ቀኙስ?» አለች ልጅቷ።

ወንድም ጋሼ ኮታቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉ። የሸሚዛቸውን እጅጌ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ሁለቴ አጠፉ። ቀርበው የሹፌሩን የማይታዘዝ እግር በሁለት እጃቸው ያዙ፤ መስታወት የያዙ ይመስል።

«ጠበቅ ያድርጉት ጋሼ፣ እግር ነው» አሉ ሹፌሩ ከላይ። «አይሰበርም። የተሰበረውን ያህል ተሰብሯል።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ፊት ሄደች። በቀኝ እጇ ገመዱን ከአፍ ማሰሪያው አንድ ስንዝር ወርዳ ጨበጠች፣ የቀረውን አጥፋ በግራዋ ያዘች። ጀርባዋን ለሁሉም ሰጠች።

«ነይ እሜቴ።»

ተራመደች። የመጀመሪያዎቹ አሥር እርምጃዎች ላይ አንገቷ በራሱ ሊዞርባት ታገላት። ማጅራቷ ላይ የባዝራዋ ትንፋሽ አለ፤ ሰኮናዋ ተረከዟን ሊረግጣት የደረሰ ይመስላታል፤ ከኋላዋ አንድ ሙሉ ሰው ከፍ ብሎ ተቀምጧል፣ ቢወድቅ አታይም። ጥርሷን ነክሳ የሜዳውን ጫፍ አየች። ባዝራዋ አልቆመችም።

ሁለተኛው ዙር ላይ መስማት ጀመረች። ከጎን ሆና ዓይኗ ሥራ ስለሚበዛበት ጆሮዋ ሰምቶት የማያውቀው ነገር ነው። ኮርቻው ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ሹፌሩ ወደ ቀኝ ሲያጋድሉ ድምፁ ይቀየራል፣ ሲቃኑ ይመለሳል። የልጃቸው ጫማ ይጎተታል። የወንድም ጋሼ ትንፋሽ ቁና ቁና ይላል። ሁሉም ነገር ከኋላ ይመጣል። እንግዲያው ሲስተር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሁሉን ትሰማ ነበር፤ የመርፌን ማጉረምረም፣ የመርፌን ስድብ፣ የመርፌን እጅ ሲዝል የሚለወጠውን አረማመድ።

«ወደ ግራ ያዢ!» አሉ ሹፌሩ። «ኩርባ አለ።»

«ኩርባውን አሥራ አንድ ዓመት አውቀዋለሁ ጋሼ።»

«ከፊት ወንበር አታውቂውም። እዚያ ጋ ጎድጓዳ አለ፣ ሲስተር ሁልጊዜ ታልፈው ነበር። አዎ፣ እንደሱ። ማርሽ አትቀይሪ። ደግ ነው፣ ደግ ነው።»

ልጃቸው ሳቀች፤ ለቅሶ መሆኑ ትዝ ሲላት አቋረጠችው። በበረንዳው ላይ የጠዋት ሐዘንተኞች ወጥተው ያያሉ። ባለሱቋ ከመሀላቸው ናት፤ ባዝራዋ ስለምትራመድ ማልቀስ ይገባት እንደሆነና እንዳልሆነ ገና አልወሰነችም።

ሦስተኛውን ዙር ሲጀምሩ ወንድም ጋሼ ከቀኝ በኩል፣ እያለከለኩ፣ «ከሳቸው ቀጥሎ ማን ነው?» አሉ።

«አራት ሰዓት ላይ አንዲት አስተማሪ አለች። ጠዋት ደውላ ነበር።»

«አርብስ?»

«አርብ ሁለት ናቸው።»

ጥቂት እርምጃ ሄዱ።

«ለባለጋሪው እደውልለታለሁ እንግዲህ» አሉ። «አሸዋውን በሌላ ያስጎትት። እኔ ግን ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው የምችለው፤ ወገቤ አይደለም።»

አራት ቀን ሙሉ የት እንደነበረ ያልታወቀው የልብስ ሰፊዋ እንባ ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣ፤ መንገዱ ተንቀጠቀጠባት፣ የሜዳው ጫፍ ጠፋባት። ቀኝ እጇ የባዝራዋ አፍ ሥር ነው፣ ግራዋ የታጠፈውን ገመድ ይዟል። እንባው በጉንጯ ወርዶ ከንፈሯ ጋ ደረሰ። መዞር አትችልም፣ ባዝራዋ ትቆማለች። መቆም አትችልም፣ ሹፌሩ ወገባቸው አሁን ገና ተፍታቷል። ቀኝ ትከሻዋን ወደ ላይ ሰቀለች፣ ጉንጯን ወደ ታች አወረደች፣ ጨርቁ ላይ ጠረገችው። አወረደችው። ከስድስት እርምጃ በኋላ እንደገና ሰቀለችው።

ይህንን ትከሻ ታውቀዋለች። ካለፈው በጋ ጀምሮ፣ በዚያ ወፍራም ጃኬት ውስጥ፣ ከፊቷ ከፍ ሲል ዝቅ ሲል አይታዋለች፤ አንዳንድ ቀን ባንድ ዙር አራት ጊዜ። አንዴ እንዲያውም፣ «ዝንቡ በዛብሽ፣ ጭራ ላምጣልሽ?» ብላታለች። ሲስተርም ሳትዞር፣ ቶሎ ሳትመልስ፣ «አምጪልኝ» ብላታለች።

«እትዬ» አለች ልጅቷ ከግራ በኩል፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ምነው? ዝንብ ነው?»

ልብስ ሰፊዋ ገመዱን ጠበቅ አደረገችው።

«ዝንብ ነው» አለች ሳትዞር። «አንቺ እግራቸውን ያዢ።»